የጦሲኝ አምባ ባለዛፎች

በጦሲኝ አምባ ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ዛፍ ነው። «ዛፍሽ እንዴት አደረች?» ይባላል፤ «ደህና፣ ያንተስ?» ተብሎ ይመለሳል። የሰውዬው ጤና፣ የሚስቱና የልጆቹ ነገር ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ይህን ዘሎ በቀጥታ «ደህና አደርክ?» የሚል ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ተጣልቷል።

ጠዋት ጠዋት ስልካችን ይጮሃል። «ዛፍዎ ደህና አድራለች» ይላል፤ ፎቶዋም ከነጤዛዋ ይመጣል። ሰው ያንን ሳያይ ፊቱን አይታጠብም። ጋብቻ ሲታሰብ የሁለቱ ዛፎች ፎቶ ጎን ለጎን ለሽማግሌ ይቀርባል። አጎቴ «ዛፍህ ጎባጣ ናት» ተብሎ ከሁለት ቤት ተመልሷል፤ በሦስተኛው የተሳካለት ልጅቷም ጎባጣ ዛፍ ስላላት ነው። ይህ በሕግ የተጻፈ አይደለም። እንዲሁ ሲሠራ የኖረ ነገር ነው።

ለሚወለድ ሁሉ ዛፍ ይተከልለታል። የተጀመረው ዛሬ ሽማግሌ የሆኑት ሰዎች ገና ልጆች ሳሉ፣ በትልቁ የተከላ ዘመን ነው። ያኔ ተማሪው በሰልፍ ወጥቶ በገዛ እጁ ተከለ፤ ስሙም ከችግኙ ጋር አብሮ ተመዘገበ። እነዚያ ልጆች እነ ናሆም፣ እነ ኤልዳና፣ እነ ናታኒም ናቸው። አዎ፣ የአያት ስም ነው፤ ዛሬ ልጁን እንዲህ ብሎ የሚጠራ የለም። የእኛ ትውልድ እነ ጎሹ፣ እነ ደብሪቱ ነን።

ደብሪቱ እኔ ነኝ። የዛፍ አደራ ጽሕፈት ቤት የስንብት ሠራተኛ ነኝ። ሕዝቡ የዛፍ አልቃሽ ይለኛል፤ ደስ ይለኛል እንጂ አይከፋኝም። ነፋስ ወይም መብረቅ የአንድን ሰው ዛፍ ሲጥል ድንኳን የማስተክለው፣ ንፍሮ የማስቀቅለው፣ ባለዛፉን ደግፌ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። የወደቀው ዛፍ በወደቀበት ይተኛል፤ መጋዝ አይነካውም፣ ሣር እስኪበቅልበት እዚያው ነው። እኔ ደግሞ ሥራዬን እችለዋለሁ። ይህ መኩራራት ነው የሚለኝ ካለ ይበል፤ መኩራራት ነው።

ነገሩ የመጣው ከምንጩ ነው። ከከተማችን በላይ ዳገቱና ሜዳው አሉ። የዳገቱ ደን አፈሩን ጨብጦ የያዘ ነው፤ እሱ ባይኖር ክረምት በመጣ ቁጥር ተራራው እላያችን ላይ ይወርድ ነበር። ሜዳው ግን ድሮ እውነተኛ ሜዳ ነበር፤ ሣር ነበር። ሣሩ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ጠጥቶ ይይዝና በበጋ ቀስ እያለ ለምንጩ ይለቅ ነበር። በትልቁ የተከላ ዘመን ታዲያ ሣር ያለበትን ቦታ ባዶ ቦታ መስሏቸው ጥድ ሞሉበት። ጥዱ አደገ፣ ሣሩ ጠፋ። ምንጩም ዓመት በዓመት እየቀጠነ መጣ።

የሀገሪቱን ደንና ሣር መሬት ሁሉ የሚያስተዳድረው ቀያሹ ነው። ሰው አይደለም፤ ቢሮ የለውም፣ ፊት የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው፣ ያውም ጨዋ ድምፅ። ቀያሹ በግልጽ ነገረን። የሜዳው ጥዶች ይነሱና ሣሩ ይመለስ፤ አለዚያ ምንጩ ይደርቃል። ምንጩ ከደረቀ ከተማዋ ትነሳለች፣ ሕዝቡም ቆላ ወርዶ ሕንጻ ላይ ይሰፍራል። የየቤታችን ቁልፍ ሳይቀር አስቀድሞ ተልኮልን ነበር። የኔ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቱ ምን እንደሚታይ ብጠይቅ «ሌላው ሕንጻ» ተባልኩ። ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ «እንኳን አሥራ ዘጠነኛ፣ መሬት ላይም ቢሆን አልሄድም» አልኩ። እዚህ ተወልጃለሁ፤ እናቴም እዚህ ነው የተቀበረችው። የትም አልሄድም።

ግን ባለዛፉ ካልፈቀደ ዛፍ አይቆረጥም። ከሜዳው ባለዛፎች አንድ ሰው እንኳ እምቢ ካለ ሜዳው በሙሉ እንዳለ ይቆያል። ቆራጩ መኪና ደግሞ ቅዳሜ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል፤ ተራችን ዳግም እስኪደርስ ምንጩ አይጠብቀንም።

ስለዚህ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሁሉንም አሳመንኳቸው። እንዴት አሳመንሽ ለሚለኝ፣ አንድ ሥርዓት ፈጠርኩ። በተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ላይ ቀለበት ይታያል፤ ለየዓመቱ አንድ። ባለዛፉ ጉቶው አጠገብ ይቀመጥና ከቅርፊቱ ጀምሮ ወደ ውስጥ ጣቱን እያሳረፈ ዕድሜውን ወደ ኋላ ይቆጥራል። ይቺ ዘንድሮ፣ ይቺ አምና፣ ይቺ ልጄን የዳርኩባት እያለ እስከ ተከላው ቀን ይሄዳል። ከዚያ ይለቀሳል። ማንም አልነገረኝም፣ ከራሴ ያመጣሁት ነው። «ዕድሜዎን በጣትዎ ይነኩታል» ስላቸው ሽማግሌዎቹ ዓይናቸው እንባ ያቀር ነበር። ለዚህ ያልተሸነፈ አንድ ሰው ብቻ ነው።

እሳቸውም ጋሽ ናሆም ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም። በከተማችን የሳቸው እጅ ያልገባበት አፍ የለም።

«ግቢ፣ ግቢ ደብሪቱ» አሉኝ በራቸውን ሲከፍቱልኝ። «መጋዝሽን ግን ውጭ አስቀምጪው።»

«ጋሽ ናሆም ደግሞ! መጋዝ የት አለኝ?»

«ምላስሽን ማለቴ ነው።»

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወንበር ሰጡኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ ሁሉም እኮ ፈቅዷል። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ቅዳሜ መኪናው ከሄደ ሁላችንም አለቀልን።»

«ስሚኝ ልጄ። አርባ ዓመት ጥርስ ስነቅል ኖሬአለሁ። ‹ትንሽ ነው የሚያምዎት› የሚሉትን ንግግር ካንቺ በፊት እኔ አውቃታለሁ። እኔ ላይ አትሞክሪያት።»

«አላልኩም።»

«ልትዪ ነበር። አምና ሳንባዬን ሲያመኝ ቅርንጫፏ ደረቀ፤ አይተሻል አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«ሲሻለኝ አቆጠቆጠች። እኔና እሷ አንድ ነን። ሰባት ዓመቴ ላይ፣ በነዚህ እጆቼ ነው የተከልኳት። እሷ ወደቀች ማለት እኔ ወደቅኩ ማለት ነው። እንግዲህ አንቺ ‹ይሙቱና ውሃ ያጠጡን› ነው የምትይኝ።»

ምን ልበላቸው? የደረቀውን ቅርንጫፍ እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዛፏ ወድቃ በዓመቱ የተከተላትን ሰው ስንት ጊዜ ቀብሬአለሁ። በጦሲኝ አምባ ይህን የማያምን የለም፤ እኔም አምን ነበር። ግን ደግሞ ያ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ፊቴ ላይ ተገትሯል።

«እሺ ጋሼ፣ አይፍቀዱ» አልኳቸው። «ነገ እማማ ኤልዳና በገዛ ፈቃዳቸው የራሳቸውን ጥድ ብቻ ለማሳያ ያስቆርጣሉ። መጥተው ስንብቱን ይዩልኝ። ከዚያ በኋላ እምቢ ካሉ ሁለተኛ በርዎን አልረግጥም።»

«መሞቻዬን ልታሳዪኝ?»

«ማደንዘዣውን ላሳይዎት።»

ይህቺን ወደዷት። «አንቺ ልጅ እኮ ሐኪም መሆን ነበረብሽ» አሉና እመጣለሁ አሉኝ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ከተማው በሙሉ ሜዳው ላይ ነበር። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው በየሣህኑ ቀርቧል፣ ወንበሮቹ በረድፍ ተደርድረዋል። ጋሽ ናሆም ከፊት አጠገቤ ተቀመጡ። እማማ ኤልዳና በዘመናቸው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዱ የነበሩ ሴት ናቸው፤ ዛሬም ሲራመዱ መንገድ የሚለቁላቸው ይመስላቸዋል። ጥቁር ነጠላቸውን ደርበው ከጥዳቸው ሥር ቆሙ። ግንዷን ሳሟት። ከዚያ ለመኪናው በእጃቸው ምልክት ሰጡት።

ብዙዎቻችን ዛፍ የሚጥል መጋዝ ድምፅ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር። ሕፃናቱ ጆሯቸውን ያዙ። ጥዷ ትንሽ ተንገዳገደችና ወደቀች፤ ሴቶቹ «እሪ!» አሉ። አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ሁሉም ነገር እንዳሰብኩት ያማረ ነበር።

እማማ ኤልዳና በርጩማቸውን ወደ ጉቶው ሳብ አድርገው ተቀመጡና ጣታቸውን ዳር ላይ አሳረፉ።

«ይቺ ዘንድሮ» አሉ። «ይቺ አምና። ይቺ ጉልበቴን የታከምኩባት። ይቺ ቀጭኗ የድርቁ ዓመት፤ ወይኔ፣ እሱ ዓመት! ይቺ ባሌ ያረፈባት።»

ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ጋሽ ናሆም አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ነበር፤ በጎን አይቻቸው «ያዝኩዎት» አልኩ በሆዴ።

«ይቺ መንዳት ያቆምኩባት። ይቺ ትንሿ ልጄ የተወለደችባት፤ ይቺ ደግሞ ትልቁ። ይቺ የሠርጌ...» ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ወዲያ ቀለበት አልነበረም። የግንዱ እምብርት ነው።

«ዘልዬ ነው» አሉ፤ ሳቅ አሉና እንደገና ከዳር ጀመሩ። አሁን ቀስ ብለው፣ በጥፍራቸው ጫፍ። ዳግመኛም ሠርጋቸው ላይ አለቀ።

«ደብሪቱ።»

«አቤት እማማ።»

«ልጅነቴስ?»

ጎንበስ ብዬ ጉቶውን አየሁ።

«ስድስት ዓመቴ ነበር። መምህራችን አሰልፈው ወሰዱን። ጭቃው ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ሳለቅስ የዋልኩት እስካሁን ትዝ ይለኛል። ልጅነቴ የት ሄደ?»

ይህን ጊዜ በድንኳኑ ድምፅ ማጉያ የቀያሹ የስንብት ንግግር ጀመረ። «ይህቺ ጥድ እማማ ኤልዳና በለጋ የልጅነት እጃቸው የተከሏት...»

«ዝም አስብሉት!» ብዬ ጮህኩ። ዝም አለ። እኔ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ቀያሽ፣ ይህቺ ጥድ የእማማ ኤልዳና ናት?»

«አዎን፣ የእማማ ኤልዳና ናት።»

«እሳቸው የተከሏት ናት ወይ ነው የምልህ!»

«ያልጸደቀ ችግኝ እስኪጸድቅ ድረስ ደጋግሞ ይተካል» አለ በዚያ በጨዋ ድምፁ። «ስሙ አይለወጥም። ባለዛፉ እንዳያዝን አይነገርም። አሠራሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይኸው ነው።»

«ስንቱ ነው የተተካው?»

«ባለዛፉ እንዳያዝን አይነገርም።»

ያን ጊዜ ነው ሁላችንም አንድ ነገር ያስተዋልነው። ነፋስ የጣለው ትልቅ ዛፍ ይነገረናል፤ መብረቅ የመታው ይነገረናል። «ችግኝዎ ሞተች» የሚል መልእክት ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ለአንድም ሰው ደርሶ አያውቅም። ማንም ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል ብሎ አልጠየቀም። እኔም ሥራዬ ሆኖ ሳለ አልጠየቅኩም።

ቀድሞ የተነሳው ጎሹ ነው። ጎሹ ግንበኛ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት። የሱ ዛፍ ከሌሎቹ ወጣቶች ዛፍ ጋር ዳገቱ ላይ ነው ያለው። ወንበሩን ገፋ አድርጎ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ንፍሮው ማንም ሳይቀምሰው ቀረ። ጋሽ ናሆም በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ የመጋዝ ድምፅ ከዳገቱ መውረድ ጀመረ። የእጅ መጋዝ ነው፣ የአናጺ መጋዝ፤ ከየቤቱ የተገኘው ሁሉ። እየተንደረደርኩ ወጣሁ። የቀያሹ ጠባቂ ድሮኖች ከላይ እየበረሩ «ስምዎ ተመዝግቧል፣ ስምዎ ተመዝግቧል» ይላሉ፤ እነሱ ስም ይመዘግባሉ እንጂ እጅ አይይዙም። የወደቁት ዛፎች እርስ በርሳቸው ተደራርበዋል። በየጉቶው ሥር አንድ ሰው አቀርቅሮ ይቆጥራል። አንዱ ይስቃል፤ አንዷ «የኔ ናት! የኔ ናት!» እያለች ትዘላለች፤ ጎረቤቷ አጠገቧ ቆሞ በጥላቻ ያያታል። በዚህች ከተማ እንደዚያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

ጎሹ ጥዱ ግማሽ ላይ ደርሷል።

«ጎሹ፣ ተው! ዳገቱ እኮ ነው! አፈሩ ይወርድብናል፣ ክረምት ሲመጣ እናልቃለን!»

መጋዙን አቆመ። ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«ደብሪቱ፣ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ በየጠዋቱ ‹እንዴት አደርሽ› ስል የኖርኩት ለማን ነው?»

መጋዙን እንደገና ሲገፋው ትቼው ወረድኩ።

መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ይህ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለቅሶ አይደለም። የሜዳውን ጥድ ላስነሳ ብዬ ዳገቱን አስፈጀሁት። ምንጩ ይደርቃል፤ አፈሩ ይናዳል። ያን ቆጠራ ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ብልጥ ነኝ ብዬ። «ደብሪቱ፣ አንቺን ብሎ አልቃሽ!» አልኩ ለራሴ። ከዳገቱ አንድ ዛፍ በወደቀ ቁጥር ጀርባዬን የመቱኝ ያህል እደነግጥ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሰው ገና ቁርሱን ሳይጨርስ የእድር ጥሩምባ ተነፋ። ከሜዳው በኩል ነው። «ማን ሞተ?» እያልኩ ነጠላዬን ሳልደርብ ሮጥኩ። ስደርስ ጋሽ ናሆም ነጭ ጋቢ ለብሰው ከጥዳቸው ሥር ቆመዋል፤ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አጠገባቸው ነው።

«ጋሽ፣ ማን ሞተ ልበል?» ይላቸዋል ግራ ገብቶት።

«የናሆም ጥድ አረፈች በል።»

«ቆማ እኮ ነው ያለችው!»

«ንፋ አልኩህ። የቀረውን ለኔ ተወው።»

ነፋ። «ጋሼ፣ ፈቀዱ ማለት ነው?» አልኳቸው፤ ትንፋሼ ተቆራርጧል። «መጀመሪያ ሰው ይምጣ» አሉኝ።

ሰው መጣ። የጦሲኝ አምባ ሰው ቢናደድ፣ ቢከዳ፣ ዓለም ቢገለበጥበት፣ የእድር ጥሩምባ ሰምቶ ለቅሶ አይቀርም። ዳገቱ ላይ የነበሩትም ሥራቸውን እየተዉ ወረዱ፤ መጋዛቸውን በብብታቸው እንደያዙ፣ ሰጋቱራው ፀጉራቸው ላይ እንዳለ። ጎሹ ከሁሉም ኋላ መጥቶ ከዳር ቆመ። እማማ ኤልዳና ከፊት ተቀመጡ፤ ዓይናቸው አብጧል።

ጋሽ ናሆም ድምፃቸው ድሮም ትልቅ ነው፤ «አፍህን ክፈት!» ሲሉ እስከ ደጅ ይሰማ ነበር ይባላል።

«እኔ ናሆም ነኝ» አሉ። «የመጀመሪያው ናሆም ግን አይደለሁም። እናቴ ከኔ በፊት ወንድ ልጅ ወለደች። ናሆም አለችው። ሦስት ወር ሳይሞላው ቀበረችው። እኔ ስወለድ ያንኑ ስም ለኔ ሰጠችኝ። እቤት ስታቆላምጠኝ ‹ምትኩ› ነበር የምትለኝ። በሟች ስም ተማርኩ፣ በሟች ስም አገባሁ፣ በሟች ስም የሁላችሁንም ጥርስ ነቀልኩ። እስቲ ንገሩኝ፣ እኔ የውሸት ሰው ነኝ? እናቴ እኔን ስታጠባ እየዋሸች ነበር?»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ።

«ቀያሹ አለመንገሩ ነውር ነው። ክሰሱት፤ እኔም አብሬ እከሳለሁ፣ ከፊት ሆኜ። የተተካችው ግን ምን በደለች? እሷንም ፀሐይ መታት፣ እሷም በዚህ ድንጋይ ላይ ሥር ሰደደች። ምትክ መሆኗን ማን ነገራት?» ግንዷን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ይቺም የኔዋ ትሁን ምትኳ አላውቅም። ስትወድቅ አብሬ እወድቃለሁ ስል ነበር። ምናልባት ገና ልጅ ሳለሁ ወድቃ፣ እኔ ሳላውቅ ቆሜ ቀርቼ ይሆናል። እንግዲህ አንዴ ከቻልኩት አሁንም እችለዋለሁ። ቁረጡ። ሰው ውሃ ይጠጣ።»

መኪናውን ልጠራ እጄን አነሳሁ።

«አንድ ነገር ግን አለኝ» አሉ፤ አሁን እኔን እያዩ። «አይቆጠርም።»

«ጋሼ፣ ቆጠራው እኮ...»

«አይቆጠርም አልኩ፣ ደብሪቱ። እውነተኛዋ ናት ብትሉኝ የኔን አይታችሁ የናንተን ትንቃላችሁ። ምትክ ናት ብትሉኝ ደግሞ የኔን ትንቁብኛላችሁ። ሁለቱንም አልፈልግም።»

መኪናው መጣ። ጥዷ ስትወድቅ ጋሽ ናሆም ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ጫጫታው ሲበርድ ሰው ሁሉ ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ጉቶው ተጠጋ፤ እኔም ጭምር። ማየት ፈልጌ ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ በጣም ፈልጌ ነበር። ጋሽ ናሆም ጋቢያቸውን አወለቁና ጉቶው ላይ ዘረጉት። ከዚያ ተቀመጡበት። ቀና ብለው አዩንና «ምን ትጠብቃላችሁ? ለቅሶ መጥታችሁ የለም እንዴ? አልቅሱ እንጂ» አሉ።

መጀመሪያ ያለቀሱት እማማ ኤልዳና ናቸው። «ወይኔ ምትኬ! ሳላውቅሽ!» ብለው ጮሁ፤ የትናንቷን ጥዳቸውን ማለታቸው ነው። ከዚያ የሌላው ሰው ሁሉ ለቅሶ ተከተለ። ሥርዓት የለው፣ ተራ የለው። እኔ የዛፍ አልቃሽ ተብዬዋ መሐላቸው ገብቼ እንደማንኛውም ሰው አነባሁ።

ሲበርድ ሰዉ ተሰልፎ አስተዛዘናቸው። «እግዜር ያጥናዎት» ይላሉ፤ «አሜን፣ እናንተንም» ይላሉ። ከዳገቱ የወረዱት መጋዛቸውን ወደ ኋላቸው ደበቅ እያደረጉ ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። አንዳቸውም ወደ ዳገቱ አልተመለሱም፤ በየቤታቸው ገቡ። ከበስተኋላችን ቆራጩ መኪና ወደሚቀጥለው ጥድ ተሻገረ። እስከ ማታ ድረስ የሜዳውን ግማሽ ይጨርሳል፤ ሌላውን ደግሞ ሌሊቱን፣ ቅዳሜ ሳይሄድ።

ከሰልፉ መጨረሻ ጎሹ ነበር። ጋሽ ናሆም ፊት ደርሶ ቆመ። «እግዜር ያጥናዎት» ማለት አቃተው።

«ያንተዋንስ ምን አደረግሃት?» አሉት።

«ቆረጥኳት ጋሼ። ቆጠርኳትም።»

«እና?»

«ከኔ በአራት ዓመት ታንሳለች።»

«ታዲያ ታናሽህ ናታ!» አሉ ጋሽ ናሆም ጮክ ብለው። «ለታናሽ አይለቀስም እንዴ? ብቻህን ነው የቀበርካት? በል ና፣ እግዜር ያጥናህ።»

የጎሹ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጋሽ ናሆም ጋቢው ሳይገለጥ ቀስ ብለው ፈቀቅ አሉና ከጉቶው ግማሹን ለቀቁለት።